ከጭነት መኪናው ሥር ያለው ደጋን

ከሚሴን የምታውቋት ከሆነ ዋናውን አስፋልትም ታውቁታላችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው መንገድ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ በመሀል ከተማዋ ያልፋል። ከባድ መኪናው፣ አይሱዙው፣ አገር አቋራጭ አውቶቡሱ፣ ባጃጁ ሁሉ የሚጋፋው እዚሁ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስታልፉ ከአንዱ ጋራዥ ደጃፍ ቆም በሉ። አትዩ፤ ጆሯችሁን ብቻ ስጡ።

«ባሌስትራው አንዱ ተሰብሯል። ኩሽኔታውም ይጮኻል። በል ካምቢዮውን አውርድና ፍሪሲዮኑን እንየው።»

ከሚሴ ነውና ንግግሩ ግማሹ ኦሮምኛ፣ ግማሹ አማርኛ ሊሆን ይችላል። «አውርድ» የሚለው «ቡሲ» ቢሆን አይግረማችሁ። ግሱ እንደ ተናጋሪው ይቀያየራል፤ የዕቃዎቹ ስም ግን ንቅንቅ አይልም። ባሌስትራ በኦሮምኛም ባሌስትራ ነው፣ ኩሽኔታም ኩሽኔታ ነው። ምክንያቱም ቃላቱ የሁለቱም ቋንቋ አይደሉም። ጣልያንኛ ናቸው።

ታዲያ የጣልያን ቃል ከሚሴ ጋራዥ ውስጥ ምን ይሠራል? የቃላት ዝርዝር ብደረድርላችሁ ትሰለቻላችሁ። ስለዚህ ሌላ መንገድ እንሞክር፤ መኪና እንሥራ። ክፍሉን አንድ በአንድ ስንፈታና ስንገጥም ታሪኩ ራሱ ከመኪናው ሥር እየወጣ ይመጣል።

እንግዲህ አንድ የተጣለ አሮጌ የጭነት መኪና አገኛችሁ እንበል። ከትምህርት በኋላ፣ ቅዳሜና እሑድ፣ በቃ በትርፍ ሰዓታችሁ ከጓደኞቻችሁ ጋር ልትሠሩት ነው። ዓላማችሁ ከአስፋልቱ ወርዶ የጨፋን ጭቃ የሚያቋርጥ፣ ወደ ደዌ ሃረዋ ቆላ የሚወርድ፣ ሰኞ ደግሞ ባቲ ገበያ የሚገኝ መኪና ነው። ሕልም እንዳይመስላችሁ። ላንድሮቨር የተወለደው ከዚህ ብዙም ባልራቀ መንገድ ነው። የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ የነበረው ሞሪስ ዊልክስ በዌልስ አንግልሲ በምትባል ደሴት እርሻ ነበረው፤ እዚያም ከጦርነቱ የተረፈች አሮጌ ጂፕ ይነዳ ነበር። ጂፗ ስታረጅ በምን እተካታለሁ ብሎ ማሰብ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1947 የተሠራው የመጀመሪያው ናሙና የቆመው በጂፕ ሻንሲ ላይ ነበር። አካሉ ከአሉሚኒየም እንዲሆን የተደረገው ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ ውስጥ ብረት በራሽን ይሰጥ ስለነበረ ነው። አያችሁ፣ በዓለም ታዋቂ የሆነውም መኪና የጀመረው ባለው ነገር ላይ በመቀጠል ነው።

አሁን ከመኪናችን ሥር እንግባ። (ክሪኩን ብቻ አምናችሁ እንዳትገቡ፤ ከሻንሲው ሥር ጠንካራ ድጋፍ አቁሙ። ክሪክም፣ በነገራችን ላይ፣ ጣልያንኛ ነው።) ጀርባችሁ ላይ ተኝታችሁ ወደ ላይ ስታዩ፣ ሻንሲውና ጎማዎቹን የሚያገናኘው ዘንግ መካከል የተነባበሩ ዝርግ ብረቶች ታያላችሁ። ረጅሙ ከላይ፣ እያጠረ እያጠረ የሚሄደው ከታች፤ ሁሉም ትንሽ ጎበጥ ያሉ። ባሌስትራ ማለት ይሄ ነው።

ቃሉ በጣልያንኛ የጦር መሣሪያ ስም ነው። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ወታደሮች በእንጨት እጀታ ላይ የተገጠመና በምላጭ የሚለቀቅ ደጋን ነበራቸው፤ እሱ ነው ባሌስትራ። የመኪናው ብረት ስሙን የወረሰው በመልኩም በሥራውም ነው። ሲጫኑት ይለጠጣል፣ ጉልበቱን በውስጡ ያስቀምጣል፣ ሲለቁት መልሶ ይሰጣል። እኛም ከጥንት ጀምሮ የምናውቀው ነገር ነው፤ ጥጥ የሚነደፍበት መሣሪያ ስሙ ደጋን አይደል?

ግን ለምን ይነባበራል? አንድ ወፍራም ብረት ለምን አይበቃም? ሁለት ተመሳሳይ የፕላስቲክ ማስመሪያ አምጡ። አንዱን ጫፉን ጠረጴዛ ላይ ያዙና ሌላውን ጫፍ በጣታችሁ ወደ ታች ተጫኑት። ቀጥሎ ሁለቱን ሳታጣብቁ ደርባችሁ ተጫኑ። እጥፍ ጉልበት ይጠይቃችኋል። ሁለቱን በጠንካራ ሙጫ አጣብቃችሁ አንድ ወፍራም ማስመሪያ ብታደርጓቸው ግን የሚጠይቃችሁ ጉልበት እጥፍ አይደለም፤ 8 እጥፍ ነው። ውፍረት በእጥፍ ሲያድግ ግትርነት በ2×2×2 ያድጋል።

«ታዲያ ወፍራሙ አይሻልም?» ትሉ ይሆናል። አይሻልም። ወፍራም ብረት ሲጎብጥ የላይኛው ፊቱ በጣም ይሳባል፣ የታችኛው በጣም ይጨመቃል፤ ስለዚህ ትንሽ ጎብጦ ይሰበራል። ቀጭኑ ብዙ ጎብጦም አይሰበርም። ቀጫጭኖቹን ስትደርቡ ሁለቱንም ታገኛላችሁ፤ ሸክሙን ይከፋፈሉታል፣ ግን እያንዳንዱ እንደ ቀጭን ሆኖ ይጎብጣል። በዚያ ላይ ብረቶቹ እርስ በርስ ሲፋተጉ የመኪናውን መዝለል ያበርዳሉ። መኪናው ጉድጓድ ከገባ በኋላ እንደ ኳስ እየነጠረ የማይቀጥለው በከፊል በዚህ ነው።

ይሄን እውቀት በሒሳብ ሳይሆን በእጃቸው የሚያውቁ ሰዎች በየጋራዡ አሉ። መኪናው ከፋብሪካው ከታሰበለት በላይ እንዲሸከም ሲፈለግ መጀመሪያ የሚደረገው ምንድን ነው? ባሌስትራ መጨመር። አንድ ወይም ሁለት ዝርግ ብረት ይታከላል፤ መኪናው ከኋላ ከፍ ይላል፣ ጭነት ሲደረግበት ይስተካከላል። ቀላል፣ ርካሽ፣ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። የዚህ ጽሑፍ ከባዱ ጉዳይ እዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ግን ቃሉ እንዴት እዚህ ደረሰ?

ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ዓ.ም.። ጣልያን በሰሜን ግንባር በመርዝ ጋዝና በአውሮፕላን ታግዞ ድል አድርጓል፤ ደሴም በእጁ ገብታለች። ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የመኪና ሰልፍ አስነሳ። ወደ 1,700 የሚደርሱ መኪኖች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ፊያትና ላንቺያን የመሳሰሉ የጭነት መኪኖች። በቦርከና ሸለቆ፣ ዛሬ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በምንለው አካባቢ አድርገው ወደ ጣርማበር አቀኑ። ያን ጊዜ አስፋልት የሚባል ነገር የለም። ንጉሠ ነገሥቱ ኅዳር 1928 ዓ.ም. ላይ ወደ ደሴ ጦር ሰፈራቸው የሄዱበት የአፈር መንገድ ነው ያለው።

ፋሺስቶቹ ጉዞውን «የብረት ፈቃድ ሰልፍ» ብለው ሰየሙት። ብረቱ ግን ከጭቃው ጋር አልተግባባም። የበልግ ዝናብ መንገዱን አቀለጠው፤ ጣርማበር ላይ ደግሞ ኢትዮጵያውያን መንገዱን አፍርሰውት ስለነበር ሰልፉ ቆመ። ወታደሮች ድንጋይ ሲሸከሙ፣ መኪና በገመድ ሲጎትቱና በትከሻ ሲገፉ ሰነበቱ። አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ነው። 400 ኪሎ ሜትር በ9 ቀን፤ አካፍሉት፣ በቀን 44 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። ደህና በቅሎም ትሄደዋለች! እንዲያውም ቀደም ብለው በእግራቸው የተነሱት ከጣልያን ጦር ጋር የነበሩ ኤርትራውያን ወታደሮች ከመኪናው ሰልፍ ቀድመው ከከተማዋ ዳርቻ ደርሰው ነበር። ሆኖም ተሸናፊ የማይመስለው ሰልፍ እንዲቀድም ስለተፈለገ እንዲጠብቁ ተደረገ።

ወራሪው ከዚህ አንድ ነገር ተማረ፤ ያለ መንገድ አገሩን መያዝ አይችልም። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ከጣልያን መጡ፣ ኢትዮጵያውያንም በገፍ ተሰማሩ፣ ከአስመራ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባው መንገድ ተሠራ፤ የጣርማበርም ተራራ ተበሳ። ዛሬ በዋሻው ስታልፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናችሁ። መንገዱ የተሠራው ለእኛ ተብሎ አይደለም። ጦርና ስንቅ ለማመላለስ ነው፤ በሸዋ አርበኞች ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሆነው ሲዋጉት የነበረውም ለዚሁ ነው።

ይሁን እንጂ መኪና ብቻውን አይሄድም። በየመንገዱ ጋራዥ ያስፈልጋል፣ ጋራዡም እጅ ያስፈልገዋል። ብረት የሚያቀብል፣ ጎማ የሚያወርድ፣ ዘይት የሚቀይር ልጅ ይፈለጋል። ያ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነበር። ጌታው «ዳሚ ላ ባሌስትራ» ሲለው ሌላ ስም አልነበረውም፤ ባሌስትራ ብሎ ያዘው። በ1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከኮምቦልቻ ተራሮች ላይ ተዋግቶ ሚያዝያ ላይ ደሴ ስትለቀቅ ጣልያን ሄደ፣ ቃሉ ግን ቀረ። ሁሉም ጣልያኖች እንኳን አልሄዱም። እንግሊዞች ሁሉንም ጠራርገው ማስወጣት ቢፈልጉም ንጉሠ ነገሥቱ ባለሙያ ያስፈልገኛል ብለው የተወሰኑ ሺዎች ቀርተዋል፤ ብዙዎቹ መካኒክ፣ ሾፌርና ቶርኖ ሠራተኛ ነበሩ። አንድ ትውልድ የኢትዮጵያ መካኒክ የተማረው ከእነሱ ሥር ነው፤ በመጽሐፍ ሳይሆን በማየትና ቁልፍ በማቀበል።

ስለዚህ የመካኒኩ አፍ እንደ አርኪዮሎጂ ቁፋሮ ነው። ከላይ በቅርብ የመጣው የእንግሊዝኛ ንብርብር አለ፤ ዲፈረንሻል እንደሚለው። ከሥሩ ወፍራሙ የጣልያን ንብርብር ይገኛል። ጎን ለጎን የፈረንሳይኛው አለ፤ ሾፌር፣ ጋራዥ። ቃላቱ ደግሞ ስትፈቷቸው የመኪናውን አሠራር ያስተምሯችኋል። ኩሽኔታ ማለት ትንሽ ትራስ ነው፤ የሚሽከረከረው ዘንግ የሚያርፍበት። ፍሪሲዮን ማለት ሰበቃ ነው፤ በእርግጥም ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘው ሁለት ዝርግ ነገሮች ተጣብቀው የሚፈጥሩት ሰበቃ ነው። ካምቢዮ መለወጫ ነው። ካንዴላ ሻማ ነው። የፊዚክስ አስተማሪያችሁ ያልነገሯችሁን ጋራዡ ሲነግራችሁ ኖሯል፤ የተነገረን በጣልያንኛ ሆኖ ነው እንጂ።

ሞተሩ ላይ ብዙ አንቆይ። አሮጌው መኪናችሁ የእድሜ ባለጸጋ ከሆነ ምናልባት ኤንትሬ ሊሆን ይችላል። ፊያት 682 እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣ ሲሆን ኤንትሬ የሚባለው ከእሱ ዝርያዎች አንዱ ነው። በአፍሪካ ብዙ አገሮች የታወቀ ጠንካራ መኪና ነው። መሪው በቀኝ ነበር። ለምን መሰላችሁ? የጣልያን ከባድ መኪናዎች በተራራ መንገድ ሾፌሩ የገደሉን ጠርዝ በደንብ እንዲያይ ብለው መሪውን በቀኝ ያደርጉ ስለነበረ ነው። የአልፕስ ተራራ ብልሃት ለጣርማበርም ይሆናል። በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1970፣ ከፊያት ጋር በሽርክና አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የሚገጣጥመው አምቼ ተቋቋመ። መንገዱም ቢሆን ዝም ብሎ አልጠበቀም፤ በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ በተገኘ የ5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ጥገናው ተጀመረ፣ ለዚሁ ሥራ አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ።

እሺ፣ ጎማ። ጨፋን ለማቋረጥ ከሆነ ዋናው ነገር ይሄ ነው።

የቦርከና ወንዝ ከኮምቦልቻ ወርዶ የሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ ጥቁር ዋልካ አፈር አለው። ዋልካ ልዩ ባሕርይ አለው፤ በበጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሠራል፣ ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ያድጣል፣ ይጣበቃል። ጥርጣሬ ካላችሁ ሐምሌ ላይ በጫማ ግቡበት። አንድ ጎማ 2 ቶን ተሸክሟል እንበል። በ7 ባር ከተነፋ መሬቱን የሚነካው ስፋት ወደ 280 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። የደብተራችሁን አንድ ተለቅ ያለ ወረቀት (ኤ4 የሚባለውን) ለሁለት እጠፉት፤ ከግማሹ እንኳ ያንሳል። ግፊቱን ወደ 3.5 ባር ብታወርዱት ጎማው ይተኛል፣ ስፋቱም በእጥፍ ያድጋል፣ መስመጡ ይቀንሳል። ለዚህ ነው ከመንገድ ውጭ የሚነዱ ሰዎች ጭቃና አሸዋ ሲያገኙ መጀመሪያ አየር የሚያስተነፍሱት። አስፋልት ላይ ሲመለሱ ግን መልሰው መንፋት አለባቸው፤ የተኛ ጎማ በፍጥነት ሲሄድ ይግላል፣ ይፈነዳል።

ሰኞ ባቲ ገበያ ስትደርሱ የአፋር ግመሎችን እግር ተመልከቱ። ሰፊ፣ ለስላሳ፣ ሲረግጥ የሚዘረጋ ነው። ተፈጥሮ አየር የቀነሰ ጎማ ሠርታለች ማለት ይቻላል። አሸዋ ላይ ማንም አይደርስባትም፤ እርጥብ ዋልካ ላይ ግን ግመልም ትንሸራተታለች፣ ያ ለስላሳ እግር ቆንጥጦ የሚይዝበት ጥርስ የለውማ! ስለዚህ ለጨፋ ስፋት ብቻውን አይበቃም፣ ጥልቅ ጥርስ ያለው ጎማም ይፈለጋል። በጎማው ውስጥ ያለው ከመነዳሪ (አንዳንዱ ካላማዳሪ ይለዋል) ስሙ ከጣልያንኛ «ካሜራ ዳሪያ» የመጣ ነው፤ የአየር ክፍል ማለት ነው። ሰው የሚኖርበት ክፍልና የጎማው ሆድ አንድ ቃል መሆናቸው ሁልጊዜ ያስቀኛል።

አሁን አካሉን እንሥራ። እዚህ ላይ ጣልያንኛው ዝም ይላል፤ አማርኛ ይነግሣል። ላሜራው ጣልያንኛ ቢሆንም ሥራው ብየዳ ነው፣ ውጤቱም ቅጥቅጥ።

ቅጥቅጥን ያልተሳፈረ የለም። የአይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ይወሰድና በላዩ ላይ የአውቶቡስ አካል አገር ውስጥ ይሠራል፤ ብረቱ ይቆረጣል፣ ይበየዳል፣ ላሜራው ይቀጠቀጣል፣ ወንበር ይደረደራል። የዓለም ብቸኛ አይደለንም። ፊሊፒንስ ውስጥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካኖች ትተዋቸው የሄዱ ጂፖች ተቆርጠውና ተረዝመው ጂፕኒ የሚባለው የሕዝብ ማመላለሻ ወጣ፤ ዛሬ የአገሪቱ መለያ ነው። የእኛው ስም ግን ሌላ ታሪክ ተሸክሟል። አገራችን ውስጥ ብረት ሠሪ «ቀጥቃጭ» ይባል ነበር። ማረሻውንም ማጭዱንም ጦሩንም የሚሠራው እሱ ሆኖ ሳለ ቡዳ ተብሎ ይፈራ፣ ይገለል ነበር፤ ብዙ ቦታ ከእሱ ጋር አይጋቡም። ያ የተናቀ ግስ ዛሬ የአውቶቡስ ስም ሆኗል። ስድብ መሆኑ ቀርቶ ሥራ ሆኗል፤ ምንም እንኳ «ቅጥቅጥ ነው እኮ» ስንል ትንሽ ንቀት አሁንም አፋችን ላይ ቢኖርም።

ንቀቱ ምን እንዳስከፈለን የገባቸው ንጉሥ አፄ ቴዎድሮስ ነበሩ። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ባለእጆችን ሰብስበው ሴባስቶፖልን ካስቀለጡ በኋላ ዋናው ችግር ጀመረ፤ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው መድፍ እንዴት መቅደላ ይደርሳል? ለእሱ ብቻ የሚሆን ጋሪ ተሠራ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ጎተቱት። መንገድ ስላልነበረ ከጋሪው ፊት ፊት መንገድ እየተቆረጠ፣ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ድረስ ወሎን አቋርጠው አደረሱት። ቦርከና ከመቅደላ ሩቅ አይደለም፤ ከሰልፈኞቹ የጣልያን መኪኖች በፊት 68 ዓመት ማለት ነው። ከመንገድ ውጭ የሚሄድ፣ ለአንድ ጭነት ብቻ የተሠራ ተሽከርካሪ በአገራችን ታሪክ ካለ ይሄው ነው። ቁልቁለቱን ሲወርድ በገመድ ወደ ኋላ እየጎተቱ ይይዙት ነበር። ፍሬኑ ሰው ነበር።

ፍሬን አልን? አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነገር ደርሰናል።

መኪናችሁ አምሯል። ባሌስትራ ተጨምሯል፣ አካሉ ተበይዷል፣ ጎማው ጥርስ አለው። በሙሉ ጭነት 15 ቶን ይመዝናል እንበል። ከአዲስ አበባ ዕቃ ጭናችሁ ስትመለሱ ጣርማበርን አልፋችሁ ወደ ሸዋ ሮቢት ትወርዳላችሁ። የከፍታው ልዩነት ወደ 1,800 ሜትር ነው። ክብደቱን በመሬት ስበትና በከፍታው ስታባዙት 265 ሜጋ ጁል ገደማ ታገኛላችሁ። ይሄ ጉልበት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት፤ ፍጥነት ካልሆነ ሙቀት ይሆናል። ምን ያህል ሙቀት? ወደ 790 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ እስኪፈላ የሚያሞቅ። አራት በርሜል ውሃ ቁልቁል እያላችሁ በፍሬናችሁ ላይ ጥዳችኋል ማለት ነው። የጋለ ፍሬን ደግሞ መያዝ ያቅተዋል፤ ፔዳሉን ትረግጣላችሁ፣ መኪናው አይሰማችሁም።

አሁን «ባሌስትራው ይችላል» ተብሎ 5 ቶን ተጨመረ እንበል። 790 ሊትሩ ወደ 1,050 ሊትር አደገ። ፍሬኑ ግን ያው የድሮው ነው። ባሌስትራ የጨመረ ሰው ፍሬን አልጨመረም። ሻንሲውን አላወፈረም፣ ጎማውን አልቀየረም፣ ከባዱን አካል ከላይ ሲበይድ የመኪናውን የስበት ማዕከል ከፍ አድርጎ በኩርባ ላይ ለመገልበጥ አመቻችቶታል። ደግሞ ባዶውን ሲመለስ ሌላ ጣጣ አለ፤ የተጠናከረው ባሌስትራ ጭነት ሲያጣ አይጎብጥም፣ እንደ ቆርቆሮ በተሸበሸበ የጠጠር መንገድ ላይ ጎማው ከመሬት እየተነሳ ይዘላል፣ የተነሳ ጎማ ደግሞ አይዝም፣ አይታጠፍም። በመንገዳችን ላይ ፈጣኑ አይሱዙ «አልቃይዳ» የሚል ቅጽል የወጣለት በቀልድ ብቻ አይደለም።

እኔ እዚህ ላይ መካኒኩን ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ባሌስትራ የሚጨምረው ባለመኪናው «ካልጫንኩ አያዋጣኝም» ስላለው ነው። መካኒኩ እጁ ያለውን ዕውቀት ሰጠ። የጎደለው ሁለተኛው ግማሽ፣ ማለትም ቁጥሩ፣ ለእሱ አልተሰጠውም። ጣልያኑ ጌታ ስሙን አስተማረው፣ መፍታትና መግጠም አስተማረው፤ ባሌስትራው ስንት እንዲሸከም እንደተሰላ ግን አላስተማረውም፣ ያ የተጻፈው ቱሪን ባለው ቢሮ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ትምህርት ቤትም ስሌቱን ክፍል ውስጥ፣ ባሌስትራውን ጋራዥ ውስጥ ለየብቻ አስቀመጣቸው። ከሚሴ ያለ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሥራና የጉልበትን ቀመር በቃሉ ይወጣዋል፤ መንገዱን ተሻግሮ ግን ለመኪና አስልቶበት አያውቅም። ማዶ ያለው መካኒክ ደግሞ ብረቱን በእጁ መታ አድርጎ ከድምፁ መሰንጠቁን ይለያል፤ 265 ሜጋ ጁል ብትሉት ይስቅባችኋል።

ፍሬን የሚለው ቃል ራሱ፣ በጣልያንኛም በፈረንሳይኛም፣ ከላቲን የመጣ ነው፤ ልጓም ማለት ነው። ሾፌሮቻችን ይሄን ሳያውቁ በተግባር ያውቁታል። ጎበዞቹ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ላይ አይተኙም፤ አቀበቱን በሚወጡበት ማርሽ ይወርዱታል፣ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ወደ ኋላ እየሳበ ይይዘዋል፣ ፍሬኑም ለክፉ ጊዜ ቀዝቅዞ ይቆያል። የሴባስቶፖል ገመድ ጎታቾች ሥራ ማለት ነው።

ስለዚህ የትርፍ ሰዓት መኪናችሁን ከመንዳታችሁ በፊት አንድ ቀን ለሚዛን ስጡ። የምድር ሚዛን ያለበት ቦታ ውሰዱት። መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹን ብቻ ሚዛኑ ላይ አቁሙና ቁጥሩን ጻፉ፤ ቀጥሎ የኋላዎቹን ብቻ። ከዚያ ፋብሪካው በመኪናው አካል ላይ የለጠፈውን ትንሽ ሳህን ፈልጉ፤ ለፊትና ለኋላ የተፈቀደው ክብደት እዚያ ላይ አለ። የእናንተ ቁጥር ከበለጠ ባሌስትራ አትጨምሩ፣ ላሜራ ቀንሱ።

የመጨረሻው ጣቢያ ምርመራ ነው። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የወጣው ለዚሁ ሲሆን፣ መኪናው ሲያልፍ መስታወቱ ላይ ቦሎ ይለጠፍለታል። ቦሎ በጣልያንኛ ማህተም ማለት ነው።